የጭራቁ ትንፋሽ

«ከአሮጌ አኮርዲዮን ነው የሠራሁት» አለ ወንድሜ ማይክሮፎኑን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ። «አኮርዲዮኑን ጎኑን ቀደድኩና ውስጡ እርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት። ከዚያ ቀስ እያሉ መሳብ፣ ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው። ሌላ ምንም ምስጢር የለውም።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጥያቄውን ያቀረበችው ተማሪ በዚህ ሳምንት ስድስት አስፈሪ ፊልም ማየቷን፣ ደም ማየት መሰልቸቷን፣ የዚህን ጭራቅ ግን ፊቱን እንኳ ሳታየው በትንፋሹ ብቻ ላብ እንዳጠመቃት ስትናገር ነበር። እኔ ከመጋረጃው በስተውጭ፣ የተቀደደ ትኬት የሞላበትን ቆርቆሮ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ክው አልኩ። እኛ ቤት እንኳን አኮርዲዮን ፊሽካም ገብቶ አያውቅም። ያ ትንፋሽ የእናቴ ነው። ከሞተች ዓመት ከአራት ወሯ ነው።

ሰው «እንዴት አወቅሽ?» ይለኝ ይሆናል። እንዴት አላውቅ! እኔ የማውቀው ሙያ ቢኖር መስማት ነው። እዚህ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ፤ ሥራዬ ትኬት መቅደድ፣ አርፍዶ የመጣውን በባትሪ መንገድ እያሳየሁ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ወጥቼ መጋረጃውን ግጥም አድርጌ መዝጋት ነው። መጋረጃው ወፍራም ከፋይ ነው፤ ድሮ ቀይ ነበር፣ አሁን የደረቀ ጉበት መስሏል። ገለጥ ካደረግኩት የመተላለፊያው መብራት ይገባና አዳራሹ «ዝጊው!» ብሎ ይጮህብኛል። ስለዚህ ፊልም አላይም፤ እሰማለሁ። የሰማሁት ስንት እንደሆነ እንጃ፣ ያየሁት ግን ካስር አይበልጥም። ባልደረቦቼ «እትዬ መጋረጃ» ያሉኝ ለዚህ ነው፤ ስሜን የሚያውቀው የደሞዝ ወረቀቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ የአስፈሪ ፊልሞች ፌስቲቫል ሲመጣ ግን ወግ ይደርሰኛል። ሰልፍ ላይ ያሉት ልጆች ፕሮግራሙን ይዘው ይመጡና «እትዬ፣ የትኛውን ብናይ ይሻላል?» ይሉኛል። እኔም በጆሮዬ እመዝንላቸዋለሁ። የጉድጓዷን ሴት ተዉት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው እላለሁ። የአሻንጉሊቱ ደህና ነው፣ ግን መሃል ላይ ሰው ወንበሩ ላይ መገላበጥ ያበዛል። ተማሪ የሌለበትን ትምህርት ቤት እዩ፣ እሱ ላይ አዳራሹ ኮሽታም የለው። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ሰው ከልቡ ሲፈራ ጸጥ ይላል እንጂ አይጮህም፤ ይሄንን ደግሞ ከፊልም አልተማርኩትም።

የወንድሜ ፊልም ዛሬ ሁለት ጊዜ ነው የሚታየው፤ ጠዋት በአራት ሰዓት ለተማሪና ለጋዜጠኛ፣ በአስራ አንድ ሰዓት ደግሞ ለዳኞችና ለተጋባዥ እንግዳ። ለዚህ ቀን ብዬ ጫማዬን አስጠርጌያለሁ። ይሄ ልጅ ፊልም የወደደው በእኔ ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያውለው ሰው ስላልነበረ እዚህ አምጥቼ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳያይ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጠው ነበር። ያው እንግዲህ ዳይሬክተር ሆኖ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ መጣ። ጠዋት ሲያየኝ ግንባሬን ስሞ «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ገብተሽ እዪ» አለኝ። «በሩን ማን ሊይዝልኝ?» ብዬ ሳቅኩበት። የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ክፍል ይከራያል፣ ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ይተነፍሳል። የመጨረሻዋን ትኬት ቀድጄ መጋረጃውን ስዘጋ ነው የመጀመሪያው ትንፋሽ የመጣው። ጆሮዬ ነው አልኩ። ከሞተች ወዲህ ስንቴ ሰምቻታለሁ፤ ውሃ የጠፋበት ቧንቧ ውስጥ፣ የአውቶቡስ በር ሲዘጋ። ቀጥሎ ግን ሲጥታው መጣ። የእማዬ ትንፋሽ መጀመሪያ ረጅም ይሳብና መሃል ላይ ዘይት እንደጠማው የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል፤ ከዚያ ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ ዝም። ዝም ሲል እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። በሰባት ይመለሳል። ቆጠርኩ፤ በሰባት ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ አንዷ «እሪ!» አለች፣ ሌሎቹ በሷ ሳቁ።

ቤታችን አንድ ክፍል ከጓዳ ነው። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነበር፣ የኔ ከሷ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፤ በመሃላችን መድኃኒቷና የውሃ ብርጭቆዋ የሚቀመጥበት በርጩማ አለ። ሳንባዋ ስለተጎዳ ጋደም ማለት አትችልም፤ የታመመችበትን ሦስት ዓመት በአራት ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነው ያደረችው። እኔ እንቅልፌን ከትንፋሿ ጋር አስማምቼው ነበር። እሷ እየተነፈሰች እስካለች ቤቱ ቢፈርስ አልሰማም፣ ድብን ብዬ እተኛለሁ። ዝምታው ከሰባት ካለፈ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ባትሪዬን ይዤ ከአልጋዬ እዘልና ፊቷ ላይ አብርቼ «እማዬ! እማዬ፣ ተነሺ!» እላለሁ። ቀና አድርጌ አስደግፋታለሁ፣ ትንፋሿ ይመለሳል፣ «አይ አንቺ ልጅ፣ ሞቼም አታስተኚኝ» ትለኛለች፣ ሁለታችንም መልሰን እንተኛለን። ዘመድ ይሄንን አያውቅም። ዘመድ የሚመጣው ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ እማዬ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ ፀሐይ ላይ ወጥታ፣ ከሰው ጋር ትጫወታለች፤ ትንፋሿም ሰው ፊት ያፍራል መሰል ቀስ ይላል።

ማሙሽ የሚመጣው እሁድ ነበር። ወንድሜን ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ በሩ ላይ እንደቆመ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ይሄዳል። አንድ እሁድ ግን ፀጉራም ሽፋን ያለው የድምፅ መቅጃ ይዞ መጣና ከትራሷ ጀርባ ሸጎጠው። «ምኔን ልትቀዳ ነው? ዘፈን የለኝ» አለችው። «ለማስታወሻ ነው፣ እማዬ።» እዚያው አሳድሮት ሰኞ መጥቶ ወሰደው። እኔ ሞኟ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ይሄ ልጅ ለካ አንጀት አለው አልኩ። ከቀብሯ በኋላ «ያን የቀዳኸውን ስጠኝ» ብለው «ካርዱ ተበላሸ፣ እትዬ» አለኝ። አመንኩት። እንቅልፍ ያኔ ጥሎኝ እንደሄደ አልተመለሰም። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እኔ ጣሪያ እያየሁ ሰባት ስቆጥር፣ ሰባት መቶ ስቆጥር አነጋለሁ። ሬዲዮ ከፍቼ ሞከርኩ፣ ከጎረቤት ማራገቢያ ተውሼ ሞከርኩ፣ ሐኪም ያዘዘልኝንም ኪኒን ዋጥኩ። እንቅልፍ ወይ ፍንክች።

ጥያቄና መልሱ አልቆ ሰዉ ሲወጣ ማሙሽ በወጣቶች ተከቦ ነበር፤ አንዱ ትከሻውን ይመታዋል፣ አንዷ የአኮርዲዮኑን ነገር ታስደግመዋለች። «ማሙሽ!» አልኩት በሰው መሃል። ተሸማቀቀ። ደረጃው ሥር፣ መጥረጊያውና የኔ ጋውን የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል አለች፤ እዚያ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁት። ቆመን ጉልበታችን ይነካካል። ክፍሏ በረኪና በረኪና ትሸታለች።

«አኮርዲዮኑ የማነው?» አልኩት።

አንገቱ ላይ ያለውን መታወቂያ ያገላብጥ ጀመር።

«ተበላሸ ያልከኝ ካርድ ነው?»

«እትዬ፣ ብሰጥሽ ኖሮ ቀን ከሌሊት እሱን ስትሰሚ ትከርሚ ነበር። ላንቺው ብዬ ነው።»

«ለኔው ብለህ ጭራቅ አደረግካት? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

«ጭራቁ እኮ አይታይም…»

«ይሰማል! ሰው እየሳቀባት ነው፣ ማሙሽ!»

ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ የተናገረው የጠበቅኩትን አልነበረም። እንደዚያ ትንፋሽ የሚያስፈራ ነገር በሕይወቱ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እሁድ እሁድ ከበሩ አልፎ የማይገባው ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ቀን ቀን ቀስ የሚለው ትንፋሿ እንኳ ስለሚያስፈራው ነበር፤ ስልኩንም ቢሆን ጓደኛውን ለምኖ እያስደወለ ነው ይወጣ የነበረው። ፊልሙን ሲጽፍ የሚያውቀውን ፍርሃት ቢፈልግ ከዚያች ክፍል ሌላ አላገኘም። «አንቺ እዚያ ትተኚ ነበር» አለኝ። «እንዴት እንደቻልሽው እስከ ዛሬ አይገባኝም።» አዘንኩለት፣ በጥፊ ላጮለውም አማረኝ። «ካርዱን ስጠኝ» አልኩት። የለም አለኝ፤ ሌላ ነገር ቀድቶበታል። ከዚያ ሌሊት የተረፈው ፊልሙ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። «እንግዲያው ከፊልሙ አውጣት። አስራ አንድ ሰዓት ላይ አክስቴ ትመጣለች፣ አንተው ነህ የጠራሃት። እህቷን እንዲህ ሆና ብትሰማት እዚያው ወንበሩ ላይ ደርቃ ነው የምትቀረው።» አክስታችን የእማዬ ታላቅ ናት፤ የቀብሩ ዕለት አብሬ ካልገባሁ ስትል አራት ሰው ነው የያዛት፣ ጥቁሯንም እስካሁን አላወለቀችም። ማሙሽ አክስቴን ሲያስባት ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ፊልሙ ተቆልፎ የገባ ነው፣ ከውስጡ ድምፅ መንቀል አይቻልም። ዳኞቹ የሚያዩት ደግሞ የአስራ አንዱን ነው። ትንፋሹ ከሌለ የቀረው አንድ ሰውዬና አንድ የኪራይ ቤት ግድግዳ ነው። ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። ይሄን ሁሉ ሲነግረኝ እንባው መጣ፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ መጥረጊያ ተደግፎ።

መላ የተገኘው ከላይ ነው። ፊልሙን የሚያጫውቱት ጋሼ ጣሪያው ሥር ባለችው የማሽን ክፍል ከእኔም በፊት ጀምሮ ያሉ ሰው ናቸው። እኔና እሳቸው የምንነጋገረው በደወል ነው። ከበሩ ጎን ያለችውን ቁልፍ አንዴ ስጫን ሰዉ ገብቷል፣ ይጀምሩ ማለት ነው፤ ሁለቴ ስጫን ድምፁ በዝቷል፣ ይቀንሱ፤ ሦስቴ ከሆነ ያቁሙ፣ መብራት ያብሩ። ሦስቴ የተጫንኩት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ነው፣ አንድ ሰውዬ ልቡን ይዞ የወደቀ ቀን። አርባውን ደረጃ ወጥቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለብዙ ጊዜ ጠረጉት። «እኔ እዚህ ማሽኑ ስለሚጮህ አያለሁ እንጂ አልሰማም» አሉ። «አንቺ ትሰሚያለሽ፣ አታዪም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ተመልካች አንወጣም።» ከዚያ እጄን መታ መታ አደረጉኝና፣ እጃቸውን የድምፁ መቆጣጠሪያ ላይ አድርገው እንደሚጠብቁ፣ ሁለቴ ከደወልኩ ድርግም እንደሚያደርጉት፣ ካልደወልኩ እንደማይነኩት ነገሩኝ። ማሙሽ ከኋላዬ ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማል። «እሺ» አለ። «እትዬ ካለች እሺ።» ወርዶ ሄደ። እንዲህ ነው እንግዲህ የኛ ቤት፤ ዞሮ ዞሮ ሁሉም ነገር እኔ እጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ደወሉን ከነካሁ ከእሷ የቀረውን አፉን እዘጋለሁ፤ ካልነካሁ ሰው ይሳለቅባታል፣ አክስቴም ትሰማለች።

ከዚያ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ አልገፋ አለኝ። አዳራሹን ጠረግኩ። አስፈሪ ፊልም ሲታይ ወለሉ ላይ የሚወድቀው ነገር ይበዛል፤ ነጠላ የጆሮ ጉትቻ፣ ቁልፍ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ነጠላ ጫማ አግኝቻለሁ፣ ባለቤቱ በአንድ እግሩ ቤቱ እንዴት እንደገባ እንጃ። በስምንት ሰዓት በረዶ ውስጥ ስለጠፉ ሰዎች የሚያወራ ሌላ ፊልም ነበር። ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ሰዉም ጸጥ ብሎ ነው ያየው፤ ጥሩ ነው መሰለኝ። እግሬ አብጦ ያስጠረግኩት ጫማ ጠበበኝ። መግቢያው ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ለፌስቲቫሉ ብላ ዋጋ ጨምራለች፤ ለኔ ግን «አንቺንም እንግዳ ላድርግሽ እንዴ?» ብላ በድሮው ሸጠችልኝ፣ ቆሜ ጠጣሁ። ፊልሙ ሰልፉ ላይ «የአኮርዲዮኑ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሁለት ልጆች መጡና «እትዬ መጋረጃ፣ የአኮርዲዮኑ እውነት ያስፈራል?» አሉኝ። ምን ልበል? «እኔን አላስፈራኝም» አልኩ። «እንግዲያው ይቅርብን» ብለው የሌላ ትኬት ገዙ። ወዲያው ጸጸተኝ፤ ተናድጄ የልጁን ገበያ ዘጋሁበት። ደግሞ እማዬ ላይ የሚስቅ ሰው ሁለት ቀነስኩ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ፤ ከሰው ጋር ቢሆን ኖሮ ገላጋይ ይገኝ ነበር።

አክስቴ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ስድስት ዘመድ አስከትላ መጣች። ከሁሉም ጋር ተሳሳምን። ጥቁር ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማለች፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ይዛለች። «ልጄ፣ ምነው ከሳሽ? ዓይንሽ እኮ ጉድጓድ ገብቷል» አለችኝ።

«ሥራ በዝቶ ነው።»

«እንቅልፍስ ትተኛለሽ?»

«እተኛለሁ።»

«ተኚ። እሷ እንደሆን አርፋለች፤ አሁን ያንቺ ተራ ነው።»

በዚያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ መጥታ አለማደሯን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንዳችንም አናነሳውም። እሷ ጉልበቷን ያማታል፣ እኔም «ነይና እደሪልኝ» ብዬ አልለመንኳትም። ትኬቷን ስቀድድ «ግማሹን ስጪኝ፣ ለልጁ ማስታወሻ ላስቀምጥለት» አለች። ማስታወሻ የሚለው ቃል ጆሮዬን አሳከከኝ። ባትሪዬን እያበራሁ ሰባቱንም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ማሙሽ ከፊት ከዳኞቹ አጠገብ ነው። ዞሮ አክስቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወለሉን ማየት ጀመረ። ወጥቼ መጋረጃውን ገጠምኩ። አንዴ ደወልኩ።

ጣቴን ከቁልፏ ላይ አላነሳሁም። በሌላው እጄ መጋረጃውን በጣት ስፋት ገለጥ አድርጌ ሦስተኛውን ረድፍ ብቻ አያለሁ። ሰውዬው ክፍሉን ተከራየ፣ ሻንጣውን አስቀመጠ፣ መብራት አጠፋ። መጣች። ረጅሙ፣ ሲጥታው፣ ሁለቱ አጫጭር። እስትንፋሴን ይዤ አክስቴን አየሁ። ከወንበሯ ብድግ ብላ ተመልሳ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን የአጎቴን ልጅ ጭኑን በጥፊ አለችው። «ኧረ ጉድ! ኧረ ይሄ ልጅ ሊገድለን ነው!» ሳቀች፣ በሻርፗ ጆሮዋን ሸፈነች። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። ከሰባቱ ዘመድ አንዱ እንኳ አንገቱን ቀና አላደረገም፤ ይሄን ድምፅ የት ነው የማውቀው ብሎ ወደ ጎኑ ያየ የለም። ኦቾሎኒው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ ያወቁ እንደሆነ እያልኩ የተጨነቅኩት ለከንቱ ነው። እንዴት ያውቁታል? መቼ ሰሙትና! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አክስቴም ተርፋለች፣ ማሙሽም ተርፏል። እኔ ግን እንባዬ እስኪመጣ ተናደድኩ። እህትሽ ናት እኮ! ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ተኝቶ ይሄን ድምፅ የሰማነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዷ ሞታለች።

ጣቴን ከቁልፏ ላይ አነሳሁ። ከመጋረጃው ወዲያ፣ በመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ አንድ ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ሽቦው ስለወጣ አይሸጥም። ድሮ ማሙሽን የማስቀምጠው እሱ ላይ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቼ ተቀመጥኩበት። እግሬ እስኪያርፍ ብዬ ነው። ፊልሙን አላየሁም፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳበች፤ ሲጥ፤ ሁለት አጫጭር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት ላይ ተመለሰች። ድምፁ ከአራቱም ግድግዳ ነው የሚመጣው፣ ወንበሩ ሥር ድረስ ይነዝራል። ዙሪያዬን ሰው ይጮሃል፣ ከፊቴ አንዷ ፍቅረኛዋ ብብት ውስጥ ተሸጉጣ «አለቀ? አለቀ?» ትለዋለች። ባትሪዬ ጭኔ ላይ ነው። አንገቴ ዘመም ሲል ይታወቀኛል። አለች፣ አልኩ በልቤ። እየተነፈሰች ነው፣ ደህና ናት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። ሰባት አለፈ። ስምንት፣ ዘጠኝ። አልተመለሰም። ባትሪዬን አብርቼ ስዘል የት እንዳለሁ አላወቅኩም። «እማዬ!» አልኩ ባለ በሌለ ድምፄ። «እማዬ! እማዬ፣ ተነሺ!» ብርሃኑ የማላውቀው ሰው ማጅራት ላይ ወደቀ፣ ወደ ሌላው ዞረ፤ ትራሷን እፈልጋለሁ፣ የለም። አዳራሹ ባንድ አፍ ጮኸ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። ወዲያው ሳቅ መጣ፣ ከሳቁ በኋላ ጭብጨባ፤ የፊልሙ አካል መስያቸዋለሁ። «እንዴት አድርጎ አሰባት!» ሲል አንዱን ሰማሁት። ሸራው ላይ ስም እየወጣ ነው፤ ፊልሙ አልቋል። ጋሼ ሳልደውልላቸው መብራት አበሩ። ማሙሽ ከፊት ወንበር ተነስቶ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ቆሟል። ከሰባቱ ዘመዶቼ ስድስቱ ያጨበጭባሉ፣ አክስቴ አታጨበጭብም። ባትሪዬን አጥፍቼ ወደ በሬ ተመለስኩና መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ።

መድረክ ላይ ጠሩት። ከዳኞቹ ሸበቶው ያንኑ የጠዋቱን ጠየቀው፤ ይሄ ትንፋሽ በምን ተሠራ? ማሙሽ ማይክሮፎኑን ተቀብሎ «አኮርዲዮን አይደለም» አለ። ማይክሮፎኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወረደ። ሰዉ ግራ ገብቶት ትንሽ አጨበጨበና መውጣት ጀመረ። አንዳንዶቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ልክ እንደ ተዋናይ ፈገግ አሉልኝ። ዘመዶቼ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያሉ ወጡ። አክስቴ መጨረሻ ላይ መጣች። ግማሽ ትኬቷ እጇ ውስጥ ተጨማዷል። እኔን አታይም፣ መጋረጃውን ነው የምታየው።

«እሷ ናት?» አለች።

«አዎ፣ አክስቴ።»

«እንዲህ ነበር የምትተነፍሰው?»

«ሌሊት ሌሊት። ሦስት ዓመት።»

ሻርፗን ከአንገቷ ፈታችው፣ መልሳ ጠመጠመችው። ማሙሽ ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል፤ አይጠጋ፣ አይርቅ።

«እኔ እኮ» አለች አክስቴ፣ «ፈርቼ ጆሮዬን ይዤ ነበር።»

እንዲወጡ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ያዝኩላቸው።